ጥርኝ ውኃ

ዛሬ የካቲት 16 ነው። እንኳን ለኪዳነ ምሕረት አደረሳችሁ! መምህሩ የበላዔ ሰብን ታሪክ ሲተርኩ ቆሜ ሰማሁ። ከልጅነቴ የማውቀው ታሪክ ነው። ዛሬ ግን ልቤን የያዘው ለምጻሙ ሰውዬ ነው።

የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው የበላው ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል። ገላው ስለቆሰለ ሊበላው እንኳን ተጸየፈው። ለምጻሙ በውኃ ጥም ተቃጥሏል። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነ፤ እምቢ ተባለ። በእመቤታችን ስም ሲለምን ግን ጥርኝ ውኃ አገኘ። በላዔ ሰብ ሞቶ የበላቸው ነፍሳትና ውኃው ሚዛን ላይ ሲቀመጡ፣ እመቤታችን ጥላዋን አሳረፈችበትና ውኃው ሚዛን ደፋ።

እኔ እንደገባኝ፣ ያን ነፍሰ ገዳይ ለምሕረት ያበቃው ሁሉም የሸሸው በሽተኛ ነው። እሱ ባይለምን ኖሮ ሚዛኑ ላይ ምን ይቀመጥ ነበር? በየደጀ ሰላሙ የምናልፋቸውን ወገኖች አሰብኩ። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ስድቡና መጠየፉ ግን አልዳነም፤ ይህ በጣም ያመኛል።

አንድ ጥያቄም አለቀቀኝም። የ78ቱ ደምስ? እናቶቻቸው ይህን ታሪክ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? አምናለሁ፤ እጠይቃለሁም። መምህራን ካላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ አስረዱኝ።