ጿሚና ሙስሊም አብረው ጃፓን ምግብ ቤት ሲገቡ

ጅማ ላይ አንድ ገበታ ከሚቀርቡት ግማሹ ጿሚ፣ ግማሹ ሙስሊም መሆኑ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ቡድን ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ጃፓን ምግብ ቤት ሲገባ «ዓሣና ሩዝ አይደል፣ ምን ችግር አለው» ይላል። ችግሩ ያለው መረቁ ውስጥ ነው።

ለምሳ ቴይሾኩ ካለ እሱን እዘዙ፤ ሩዝ፣ የሚሶ (የቦካ አኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባ፣ ዋና ምግብና የኮመጠጠ አትክልት በአንድ ትሪ ይመጣል። ለየብቻ ከማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ጃፓን ውስጥ የምሳ ትሪ በብዛት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚህም እንደዚያ ከሆነ በዐቢይ ጾም እስከ 9 የሚቆይ ሰው ያመልጠዋልና አስቀድማችሁ ደውሉ።

ጿሚውን የሚያሳስተው ዳሺ ነው። ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ሲሆን የሚሶ ሾርባው፣ የኡዶንና የሶባው (የጃፓን ፓስታዎች) መረቅ፣ የቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ አትክልት ወይም ዓሣ) ማጥቀሻው ሁሉ በእሱ ይሠራል። «ሥጋ የሌለው» ካላችሁ በዓሣ መረቅ የተቀቀለ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የረጋ) ይመጣላችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤቱ እንተወውና፣ የማይበላ ሰው «መረቁ ከኮምቡ ብቻ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት የሚያበስሉት እንዲያ ስለሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሼፍ ግር አይለውም። የቴምፑራ ሊጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ማዮኔዝም እንዲሁ። ብዙ የማያስጠይቀው የኪያር ወይም የአቮካዶ ማኪ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) ነው። ቀጭኑ ጥቅል 6 ቦታ ይቆረጣል፤ አንዱ ለሆድ ምንም ስለማይል 3 እዘዙ።

ሙስሊሙ «ቶን» የሚለውን ድምፅ ይያዝ፤ አሳማ ማለት ነው። ቶንካትሱ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው፣ ቶንኮትሱ ራመን ደግሞ በአሳማ አጥንት መረቅ የሚቀርብ ፓስታ። «ቶሪ» ግን ዶሮ ነው። ግዮዛ እንደ ሳምቡሳ በሊጥ የተጠቀለለ ሲሆን ውስጡ በብዛት አሳማ ነው። ቴሪያኪ (በጣፋጭ የሶይ ሶስ ስጎ የተጠበሰ) ዶሮ ንጹሕ ይመስላል፤ ስጎው ግን ሚሪን ይገባበታል፣ እሱም እስከ 14 በመቶ አልኮል ያለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ነው። ሜኑ ላይ «ሳኬ» ካያችሁ ሳልሞን ይሁን የሩዝ መጠጥ አጣሩ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሱሺ (ሆምጣጤ በገባበት ሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሬ ዓሣ) አያስፈራም፣ ኮሶን ግን አይርሳ፤ ዓሣም የራሱ ትል አለው። ለጥሬ የሚቀርብ ዓሣ በ−20 ዲግሪ 7 ቀን መቀዝቀዝ አለበት። ይህን አይቶ ከግልገል ጊቤ የመጣ ቆሮሶ ጥሬውን ልሞክር የሚል እንዳይኖር፤ የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እዚያ ቅዝቃዜ ላይ አይደርስም።

ሱሺ በእጅ ቢበላ ነውር የለውም። ሶይ ሶስ ውስጥ የሚነከረው በዓሣው በኩል ነው፤ በሩዙ ከነከራችሁት ይፈርሳል። ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ ማባያ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ነው የሚመታው፤ የበርበሬ ወዳጅ ነኝ ብላችሁ በማንኪያ አትዛቁ። ጉርሻ ካማራችሁ በእጅ ይሁን፤ ከመብያ እንጨት ወደ መብያ እንጨት ማቀባበል ጃፓኖች የተቃጠለ አስከሬን አጥንት የሚለቅሙበት ሥርዓት ነው። እንጨቶቹን ሩዙ ላይ አቁሞ መሰካትም የቀብር ነገር ነው።

የተረፈውን ሱሺ አስቋጥሮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ወደ ጅማ ይዞ መመለስ አይሆንም። ማቀዝቀዝ ትሉን እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ ያነቃዋል። የተጠበሰውን ዶሮና ሩዙንም ቢሆን እዚያው ጨርሱት።