ድሬስደንን በጥቁርና ነጭ

ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ድሬስደን ከመሄዴ በፊት ከተማዋን የማውቃት በአንድ ፎቶ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ሪቻርድ ፔተር እ.ኤ.አ. በ1945 ከማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ሆኖ ያነሳው ነው። ከፊት አንድ የድንጋይ ሐውልት ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ታች ዘርግቷል፤ ከሥሩ ጣሪያቸው ነዶ ግድግዳቸው ብቻ የቀረ ሕንፃዎች ዓይን እስከሚያየው ድረስ ተደርድረዋል። ብዙ ሰው ሐውልቱ መልአክ ይመስለዋል፤ ግን ደግነትን እንዲወክል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው።

በዚያው በ1945 ከፌብሩዋሪ 13 እስከ 15 የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባወረዱት ቦምብ እስከ 25,000 የሚደርስ ሰው አልቋል። ፔተር ራሱ ከዚያ በፊት ያነሳቸው ፎቶዎች አብረው ነደዋል። ግንቡን ከሥር ሆኜ አንጋጥጬ አየሁት፤ ዛሬ በአካባቢው ትራም ይመላለሳል።

ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት ግን ፍራውንኪርሼ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት የተደረመሰው ፌብሩዋሪ 15 ጠዋት ነበር። ፍርስራሹ ለአሥርት ዓመታት እንደተከመረ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ግንባታው ተጀመረ፤ በ2005 ተመረቀ። ከክምሩ የተለቀሙት ድንጋዮች ተመልሰው ስለተገነቡበት ግድግዳው ዥጉርጉር ነው፤ አዲሱ ፈዛዛ ቢጫ፣ አሮጌው ጥቁር። አጠገቤ የቆመ ጎብኚ ለልጁ «ያ የእሳቱ ጥላሸት ነው» ሲል ሰማሁት። የአካባቢው የአሸዋ ድንጋይ ግን ውስጡ ብረት ስላለው ሳይቃጠልም ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። አዲሱም ተራውን ይጠብቃል።

ሌንሴ ላይ ቢጫ ፊልተር ገጥሜ በጥቁርና ነጭ አነሳሁ። ቢጫው ድንጋይ ነጣ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ አሮጌው ድንጋይ ጎልቶ ወጣ። ማማሩስ አምሯል፤ ቅር ያለኝም ማማሩ ነው። በፔተር ዘመን የቀለም ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ቀለሙን የምናጠፋው ፈልገን ነው። ትናንት የፈረሰች፣ ሰው ገና ብርድ ልብሱን ከፍርስራሽ እየጎተተ የሚያወጣባትን ከተማ በጥቁርና ነጭ ሲያሳዩኝ ደስ አይለኝም። ቀዩ ብርድ ልብስና ሰማያዊው በር ሲጠፉ፣ የዛሬው ሰው ጉዳት የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ይመስላል። ለድሬስደን አሮጌ ድንጋይ ይሁን፤ እሱ እንኳ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

ከጉልላቱ የወደቀ አንድ ግዙፍ ቁራጭ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆሟል። እሱን በቀለም አነሳሁት። የአንድ ቱሪስት ብርቱካንማ ጃኬት ጥግ ላይ ገብቶብኛል፤ አልቆረጥኩትም።