ዓሦቹ የገቡት መጨረሻ ላይ ነው

አብዛኛው ሰው አኳሪየም ሲያቋቁም መስታወቱንና ዓሣውን በአንድ ቀን ይገዛል። እኔ ዓሦቹን የመረጥኩት ከሁሉ አስቀድሜ ነው፤ ያስገባኋቸው ግን ከሁሉ በኋላ። ምርጫው የሚቀድመው ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ነገር እንኳ በዓሣው ዓይነት ስለሚወሰን ነው። ኮሪዶራስ የሚባሉትን ጣት የማያህሉ አምባዛዎች ለማኖር ቆርጬ ነበር። እነዚህ ዓሦች አፋቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ምግብ ሲበረብሩ ነው የሚውሉት፤ ወለሉ ስለታም ጠጠር ከሆነ የአፋቸው ጢም እየተፋቀ ያልቃል። ስለዚህ ደቃቅ አሸዋ አነጠፍኩ። አሸዋ በበኩሉ ለተክል የሚሆን ምግብ የለውም፤ ሥር ሰድደው ከመሬት ለሚመገቡት ዕፅዋት በየተተከሉበት ቦታ የማዳበሪያ እንክብል ቀበርኩላቸው።

ገንዳው 120 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻውን 120 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲታከሉበት ከ150 ኪሎ ያልፋል። ከሞላ በኋላ ማንቀሳቀስ ስለማይታሰብ ማስቀመጫውን ባዶ እያለ በውሃ ልክ አስተካከልኩት፤ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ግድግዳም አስጠጋሁት።

ዕፅዋቱን ስመርጥ ለዓይን ከሚማርኩት ይልቅ ለመኖር የማያስቸግሩትን አስቀደምኩ። ከኋላ እንደ ሣር ረዝሞ የሚያድገውን ቫሊስኔሪያ፣ መሃል ላይ ክሪፕቶኮሪን፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ትንንሽ ቅጠሎች። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን ግን መሬት ውስጥ አልቀበርኳቸውም፤ አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዳቸው አሸዋ ከለበሰ ይበሰብሳል። ከእንጨት ጉቶ ጋር በክር አሰርኳቸው፤ ከጊዜ በኋላ ሥራቸው ራሱ እንጨቱን ስለሚጨብጥ ክሩ አያስፈልግም። በአንድ ጊዜ ብዙ መትከል ይሻላል የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ዕፅዋት በሳሱበት ገንዳ ብርሃኑንና ምግቡን ውሃ ውስጥ ሳይተከል የሚበቅለው አልጌ ይቀራመተዋል።

ክሪፕቶኮሪኑ ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ መስታወት መሰለ፣ ከዚያም እንደ ቅቅል ጎመን ልሞ ወደቀ። ይህን ጊዜ ነቅሎ መጣል ያምራል። ነገር ግን በሽያጭ ላይ ከሚገኙት የውሃ ዕፅዋት ብዙዎቹ ያደጉት ቅጠላቸው ከውሃ በላይ ሆኖ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አሮጌውን ቅጠል ጥለው ለውሃ የሚስማማ አዲስ ያወጣሉ። ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ቦታውም ሆነ ውሃው በተቀየረበት ቁጥር እንዲህ ማድረግ ልማዱ ነው። የሞተውን ቅጠል በመቀስ እየለቀምኩ ሥሩን ተውኩት። ከመሃል እንደ መርፌ የሾለ ቡናማ ቡቃያ ሲወጣ ነበር መዳኑን ያወቅሁት።

ጥበቃው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይጨምሩበታል። አሞኒያ ዓሣን ይገድላል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እርሱም ገና መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ይህ በመጠኑ ሲሆን ብዙም አይጎዳም፣ ለዕፅዋትም ምግብ ነው። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር የሉም፤ እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን የሚያስገባ ሰው ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው በዓሣው ሕይወት ነው።

እኔ ዓሣ በሌለበት ሽቶም ሆነ ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ በጠብታ እየጨመርኩ መጠኑን በሊትር 2 ሚሊ ግራም አካባቢ አደረስኩ፤ ከዚያም በመመርመሪያ ፈሳሽ መከታተል ነው። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ይወጣል፤ የመመርመሪያው ጠብታ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲዞር ልብ ያወልቃል፤ ግን ትክክለኛው መንገድ ያ ነው። የጨመርኩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጠፋና ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው ተዘጋጅቷል አልኩ። ዕፅዋቱም አሞኒያውን በቀጥታ ስለሚመገቡ ሸክሙን ያቀልላሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1850 ሁለት ጎልድፊሾችን ከቫሊስኔሪያ ጋር አኑሮ ነበር። የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረበትና ነገሩ ተስተካከለ። ዛሬ ብዙ ሰው ከዕፅዋት ጋር ሳይጠራ የሚመጣውን ቀንድ አውጣ እንደ ጠላት ያሳድደዋል፤ እኔ የሞተ ቅጠል እስከበላልኝ ድረስ አልነካውም። ከልክ በላይ ከተራባ የሚነግረኝ ምግብ እያበዛሁ መሆኔን ነው።

በእነዚያ ሳምንታት መስታወቱ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ለበሰ። ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፤ በአዲስ ገንዳ ላይ የማይቀር ነው፣ በጣት ሲጠርጉት ይለቃል፣ ገንዳው ሲበስል በራሱ ይቀንሳል። መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

ዓሦቹን የደለደልኳቸው በሚኖሩበት የውሃ ከፍታ ነው። ለላይኛው አንድ ጥንድ ሃኒ ጎራሚ፣ ለመሃሉ ስምንት ሃርለኩዊን ራስቦራ፣ ለወለሉ ስድስት ኮሪዶራስ። በመንጋ የሚኖር ዓሣ ከስድስት ካነሰ ይሸማቀቃል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይውላል። ስለዚህ ከስድስት ዓይነት አንድ አንድ ከመግዛት ከአንድ ዓይነት ስድስት መግዛት ለዓሣውም ለተመልካቹም ይበልጣል። ያስገባሁት በየተራ ነው፤ ራስቦራዎቹ ቀደሙ፣ ውሃውን እየመረመርኩ ባክቴሪያው ከአዲሱ ሸክም ጋር እስኪመጣጠን ጠበቅሁ፣ ከዚያ ኮሪዶራሶቹ፣ በመጨረሻም ጎራሚዎቹ። አልጌ የሚበሉት ኦቶሲንክለሶች ገንዳው በደንብ ከበሰለ በኋላ ነው የተከተሉት፤ ምግባቸው መስታወትና ቅጠል ላይ የሚበቅለው ስስ አልጌ በመሆኑ ንጹሕና አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚበሉትን ያጣሉ። አዲስ የሚመጣ ሁሉ በትንሽ ገንዳ ለብቻው ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ከነላስቲኩ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ሲስተካከል ዓሣውን በመረብ አወጣዋለሁ፤ የመጣበት ውሃ ወደ ገንዳው አይገባም።

ኮሪዶራስ ያልለመደ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ወለል ላይ ተረጋግቶ ሲበረብር የቆየው ዓሣ ድንገት እንደ ቀስት ተወርውሮ ከውሃው ፊት አየር ይጎርስና ተመልሶ ይሰምጣል። አየር አጥሮት ሊሞት ነው ያሰኛል። የጎረሰው አየር በአንጀቱ በኩል ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ተፈጥሮው ነው። ሁሉም ባንድነት ሳያቋርጡ ሲመላለሱ ብቻ ነው ውሃውን መመርመር የሚያስፈልገው። ዓይኑን ወደ ታች ሲያዞር ደግሞ የሚጠቅስ ይመስላል፤ ለዚህ ለዚህ ስል ብዙ ምሽት ከቴሌቪዥን ይልቅ እነርሱን አያለሁ።

ሽሪምፕም አለ፤ በጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ስም የሚጠራው ዓይነት። በውሃ ውስጥ የአትክልት ስፍራ የመንደፍን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው፤ ይህንን ሽሪምፕም አልጌ እንዲያጸዳ ያስለመደው ያው ሰው ነው። እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ስለሚያስፈልጋቸው በእንዲህ ያለ ገንዳ አይራባም፤ ለእኔ ይህ በጎ ነገር ነው።

እንቢ ያልኳቸውም አሉ። አልጌ ይበላል ተብሎ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ታይገር ባርብ የጎራሚን ክንፍ እየነከሰ መከራ ያሳየዋል። ኤንጀል ፊሽ ሲያድግ ትንንሾቹን ይውጣል። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ የእኔ 25 ዲግሪ ነው፣ ተክልም ይነቅላል። ጋፒ ውብ ነው፤ ግን አንዲት ሴት የወንዱን ዘር ለወራት አቆይታ ደጋግማ መውለድ ስለምትችል ብቻዋን ብትገዛም ገንዳውን ልትሞላው ትችላለች።

የዘወትር እንክብካቤው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ከውሃው 25 በመቶ ያህሉን በቱቦ እቀዳለሁ። የምተካው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ይጨመርበታል፤ ውሃን አሳድሮ መጠቀም ክሎሪንን ያተናል እንጂ የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ የሆነውን ክሎራሚንን አያስወግድም። የማጣሪያውን ስፖንጅ የማጥበው በባልዲ ከተቀዳው አሮጌ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ውሃ የሚያጥብ ሰው ለሳምንታት የጠበቃቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። መብራቱ በታይመር በቀን ለ7 ሰዓት ያህል ይበራል፤ አልጌ ሲበዛ መጀመሪያ የምቀንሰው ይህንን ሰዓት ነው። ተክሉ ከተንሰራፋ በኋላ ናይትሬት ዜሮ ላይ ወርዶ የታችኛው አሮጌ ቅጠል ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ ዕፅዋቱ ርቧቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ናይትሮጅን ያለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ በጥቂቱ እሰጣለሁ።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ጾም ነው። ጤነኛ አዋቂ ዓሣ ለሳምንት ያህል ያለ ምግብ ይቆያል። አጭር ጉዞ ስሄድ ለማንም አደራ አልሰጥም፤ ደግ ጎረቤት ከረሃብ ይልቅ በጥጋብ ነው የሚገድልልህ። ረዘም ያለ ከሆነ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በወረቀት ጠቅልዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ የምግቡን ዕቃ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።