የ5 ሳንቲሟ ፌስታል 100 ዶላር አስከፈለችኝ

አንድ ወዳጄ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የባልትና ሱቅ ሊከፍት ነው። እዚያም ከ2022 ጀምሮ ፌስታል 5 ሳንቲም ይከፈልበታል። «ይቺን ከደንበኛ መቀበል ያሳፍራል፣ ከኪሴ እችላታለሁ» አለኝ። ደነገጥኩ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

የእኔ ሱቅ ያለባት ዋሽንግተን ዲሲ ክፍያውን የጀመረችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ነው። ከ5ቱ ሳንቲም 1ዱ ለሱቁ ይቀራል፣ ሌላው ለአናኮስቲያ ወንዝ ማጽጃ ይሄዳል። ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ ካሽ ሬጂስተሩ ላይ የፌስታል ቁልፍ አስጨመርኩ። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሳምንት በኋላ ገና ሆነ። ሱቁ በርበሬና እንጀራ በሚገዛ ሰው ጢም ብሏል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ለፌስታልም ታስከፍለኛለህ?» አሉኝ። አፈርኩ። «ኧረ ይተዉት እማማ» አልኩ። ከኋላቸው የቆመው ጎረምሳ ቀበል አድርጎ «እኔስ የእንጀራ ልጅ ነኝ?» አለኝ። ለእሱም ተውኩለት። ከዚያ ወዲያ ማንን ላስከፍል? ሰዉ ለመደ፣ እኔም ለመድኩ።

ከወራት በኋላ የከተማው ተቆጣጣሪዎች የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጡኝ። የሰጠኝ ሰው ሁለት ደቂቃ ቆሞ ቢያስረዳኝ ምን ነበረበት? እኔም ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሌላ ቀን አንድ ሰው ውሃና ማስቲካ ገዛ። በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። ወጣ፣ ወዲያው ባጁን ይዞ ተመለሰ። ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ወረደበት። ውሃ፣ ማስቲካ። የፌስታል መስመር የለም። «እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ» አልኩት። «መክፈል ያለበት ገዢው ነው» አለና የ100 ዶላር ቅጣት ጻፈልኝ። ያ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ወረቀትም የሚለው ይህንኑ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ከመጀመሪያው ቀን አስከፍል። ለዘመድም፣ ለንስሐ አባትህም ቢሆን። «ፌስታል ይፈልጋሉ?» አትበል፣ ሁሉም «አዎ» ነው የሚልህ። «ፌስታል 5 ሳንቲም ነው፣ ላድርግልዎት?» በል። ያኔ ግማሹ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይወጣል። ክፍያው የመጣውም ለዚሁ ነው፤ በ5 ሳንቲም የሚደኸይ ሰው አላየሁም፣ ሳያስብ ፌስታል የሚወስድ ግን ሞልቷል። የጨርቅ ቦርሳ በነፃ አድል ሲሉህም አትስማ። እኔ በነፃ የሰጠኋቸው የት እንደገቡ አላውቅም። በ1 ዶላር የሸጥኳቸው ግን ተመልሰው ይመጣሉ።

ከቅጣቱ በኋላ እኚያን እናት ማስከፈሉ ጨንቆኝ ነበር። ሲመጡ ዋጋውን ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ከካፖርታቸው ኪስ በሦስት ማዕዘን የታጠፈች ትንሽ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጓት። የገና ዕለት የሰጠኋቸው ፌስታል ነበረች።