ሴሬቤለምን በእርሳስ

ስለ አንጎል የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኮርቴክስ፣ ከአንጎል ውጫዊ ሽፋን፣ ይጀምራሉ። ቋንቋውም፣ ዕቅዱም፣ ውሳኔውም ከዚያ ጋር ስለተያያዘ አይገርምም። እኔን የማረከኝ ግን ከኋላ በሥር በኩል ተጨማድዶ የተቀመጠው፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው ሴሬቤለም ነው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮኖች (የነርቭ ሕዋሳት) አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ 69 ቢሊዮን የሚሆኑት የታጨቁት ከአንጎል መጠን አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ በሚይዘው በዚህ ክፍል ነው። ይህን ያልነገርኩት ጓደኛ የለኝም።

የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በላቦራቶሪ ሰዓት አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ በማይክሮስኮፕ ያዩትን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ እሥላለሁ። ስሥል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ሳልለይ እጄ አይንቀሳቀስም።

በጎልጂ ዘዴ የተቀለመ የሴሬቤለም ስላይድ ሲደርሰኝ፣ ቢጫማ መደብ ላይ አንድ ጥቁር ሕዋስ ብቻውን ቆሞ አየሁ። አካሉ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ነው። ከአናቱ ወፍራም ግንድ ይወጣል፣ ግንዱ ይከፈላል፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍን እየወለደ እስከ ጠርዙ ይደርሳል። ማስተካከያውን ጥቂት ባዞርኩት ቁጥር አንዱ ቅርንጫፍ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል፤ በቀጫጭኖቹ ላይ ደቃቅ እሾሆች ብቅ ይላሉ። ይህ ቼካዊው ያን ፑርኪንዬ በ1837 የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው ሕዋስ ነው።

ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ያስተዋወቀው ዘዴ ፖታሲየም ዳይክሮሜትና ሲልቨር ናይትሬት ይጠቀማል። ከብዙ ሕዋሳት መካከል የሚያጠቁረው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ቢያጠቁር ኖሮ ከጨለማ በቀር የሚታይ ነገር ባልነበረ። ሠዓሊ መሆን ይመኝ የነበረው፣ አባቱ ግን ወደ ሕክምና የመሩት ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በዚሁ ዘዴ የተቀለሙ ሕዋሳትን እየሣለ፣ ኒውሮኖች አንድ ወጥ መረብ ሳይሆኑ ለየብቻ የቆሙ ሕዋሳት መሆናቸውን ተከራከረ። ሁለቱ የ1906ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ ጎልጂ ግን በዚያው መድረክ ባደረገው ንግግር እንኳ የመረቡን ሐሳብ አልለቀቀም። የካሃልን ሥዕሎች ባየሁ ቁጥር እርሳሴን ማንሳት ያምረኛል።

የፑርኪንዬን ሕዋስ በሁለት አቅጣጫ ከተቆረጡ ስላይዶች ሥዬዋለሁ። በአንዱ ሰፊ ነው፣ በሌላው ቀጭን፤ የተዘረጋ መዳፍን ከፊትና ከጎን እንደማየት ነው። ትይዩ ፋይበሮች የሚባሉት ቀጫጭን አክሰኖች (ከሌሎች ኒውሮኖች ምልክት የሚያመጡ ክሮች) ይህን ጠፍጣፋ ገጽ ቀጥ ብለው እያቋረጡ ያልፋሉ፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን ከ100,000 በላይ ሲናፕስ፣ ማለትም ምልክት የሚተላለፍበት መገናኛ፣ ከእነሱ ይቀበላል። ከሌላ በኩል ደግሞ አንድ ብቸኛ ፋይበር ከታች ተነሥቶ ቅርንጫፎቹን እየተጠመጠመ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ማር በ1969፣ ጄምስ አልበስ ደግሞ በ1971 ያ ብቸኛ ፋይበር አስተማሪ ነው፣ እንቅስቃሴ ስንማር የትኞቹ የትይዩ ፋይበር ግንኙነቶች መለወጥ እንዳለባቸው ለሕዋሱ ይጠቁማል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዝርዝሩ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ለእኔ ግን በኒውሮሳይንስ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ አላጋጠመኝም።

ማታ ማታ ጊታር እለማመዳለሁ። አመልካች ጣት ስድስቱንም ክሮች አንድ ላይ የሚጫንበት ኮርድ ለረጅም ጊዜ እየታፈነ አስቸግሮኝ ነበር። አሁን ጣቶቼን ሳላይ እይዘዋለሁ፣ እንዴት እንደምይዘው ግን በቃል ማስረዳት አልችልም። በዚህ ጊዜ ሄንሪ ሞሌይሰን ትዝ ይለኛል። በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና አዲስ ትዝታ ለመያዝ የሚያስፈልገው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐሱ፣ ከሁለቱም ጎን አብዛኛው ስለተወገደ አዲስ ገጠመኝ በትዝታው አይቆይም ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲከተል አደረገችው፤ ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተሻሻለ ሄደ፣ እሱ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት መሥራቱን አያስታውስም። የእጅ ትምህርት ከትዝታ ተለይቶ መሄድ መቻሉን ሳስብ አሁንም እደነቃለሁ።

«የምንጠቀመው የአንጎላችንን አሥር በመቶ ብቻ ነው» የሚለውን ወሬ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ የሚሆን አካል ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈት ቢሆን ሰውነት ይህን ሁሉ ወጪ አይከፍልም።

ሰሞኑን በትርፍ ጊዜዬ የያዘኝ ኮምፒውተር ነው። ተመራማሪዎቹ ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 የስኩዊድን (የባሕር እንስሳ) ግዙፍ አክሰን አጥንተው ያወጧቸውን፣ የነርቭ ኤሌክትሪካዊ ምልክት እንዴት እንደሚፈጠር የሚገልጹ እኩልታዎች ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። ሃክስሊ ያን ሁሉ ስሌት የሠራው በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ነበር፤ የእኔ ኮምፒውተር ዓይን ተጨፍኖ ከመከፈቱ በፊት ይጨርሰዋል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየም በር ከፖታሲየሙ ቀድሞ ሲከፈት የቮልቴጁ መስመር በስክሪኔ ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። ሙቀቱን ከ6.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሳደርገው ይህ የነርቭ ምልክት ይቀጥናል፣ ቁመቱም ያጥራል። ቀጥዬ ሁለት ሕዋሳትን በሲናፕስ አገናኝቼ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ።