ሜዳሊያ አጥልቄ ለቅሶ የተደረሰልኝ ሰሞን

ሰሞኑን ቴሌግራሜን የሞላው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። "ወንድሜ፣ እኔንም እንዳንተ ልምሻ መትቶኛል፣ በስፖርት በኩል እንግሊዝ የሚገባበት መንገድ ካለ ጠቁመኝ።" አንዱማ በቀጥታ "ፓራሊምፒክ ቪዛ ይሰጣል?" ብሎኛል። ሁሉም ያዩት ያቺኑ ፌስቡክ ላይ የዞረችውን ፎቶ ነው፤ ዊልቸር ላይ ተቀምጬ፣ ሜዳሊያ አጥልቄ፣ ዋንጫ ታቅፌ የምስቅባትን። ያቺ ፎቶ ምን እንዳደረገችኝ ቢያውቁ!

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ አበበ ቢቂላ ከተወለደበት ከጃቶ ብዙም አይርቅም። ሯጭ በሚበቅልበት አገር የኔ ግራ እግር ገና በሕፃንነቴ ቀጥኖ ቀረ። እናቴ አዝላኝ ያልዞረችበት ፀበል የለም። በመጨረሻ መናገሻ ያለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል፣ ቼሻየር ድረስ ወስዳ የብረት ድጋፍ አሠራችልኝ። ሳድግ ብረቱ ጠበበኝ፤ ከዚያ በኋላ ግራ ጭኔን በእጄ እየተጫንኩ መሄድ ለመድኩ። ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ የልጆቹን ሹራብ መጠበቅ ነበር። እናቴ ግን ገበያ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ "ልጄ እኮ በእግሩ ነው የሚሄደው" ትላለች። ይቺን ያዙልኝ።

እዚህ እንግሊዝ ስመጣ ደግሞ አዲሱ የሥራ ባልደረባ ሁሉ የመጀመሪያ ወሬው "ኢትዮጵያዊ ነህ? ታዲያ ትሮጣለሃ!" ነው። እያነከስኩ አጠገቡ ደርሼ እኮ ነው! ፈረንጅ ጨዋ ስለሆነ እግርህን እንዳላየ ያልፋል። እኛ ጋ ታክሲ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው "ሲወለድ ነው ወይስ በኋላ?" ይልሃል፤ አንዳንዱም ሳትለምን ሳንቲም ያስጨብጥሃል። የቱ እንደሚሻል ዛሬም አልቆረጥኩም።

የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ልምምድ የጋበዘኝ ሰውዬ እንደኔ በእግሩ የሚሄድ ነበር። አዳራሹ ስገባ ግማሹ ሰው ቆሞ ያወራል፤ ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወንበሩ ላይ ቁጭ! ምንም ያልሆነው ጤነኛ ሁሉ አብሮ ይጫወታል። እናቴ ብታይ "በእግዜር ቁጣ ይቀልዳሉ" ማለቷ አይቀርም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ምርኩዝና ጭን ሲጫን የኖረ ክንድ ነበረኝና በቶሎ ያዝኩት። ነጥብም ተሰጠኝ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ጉዳትህ ተመዝኖ ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጥሃል፤ በዓለም አቀፍ ሕግ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ሲደመሩ ከ14 መብለጥ የለባቸውም። እኔ 4 ነኝ። አገሬ ሳለሁ የደበቅኩትን እዚህ ካላስመሰከርክ አትጫወትም አሉኝ፤ የታመምክበትን የሐኪም ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። በኛ ቀበሌ ለልምሻ ወረቀት የሰጠ ማን አለ? ወረቀቱ እግሬ ነው!

እንግዲህ ዋንጫ በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ለጠፍኩት። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ከጀርባ የሴቶች ለቅሶ ይሰማኛል። እናቴ ድምፅዋ ተዘግቷል። "ደህነኛዋንም ቆረጧት?" አለችኝ።

የጎረቤት ልጅ ፎቶውን ሲያሳያት ሜዳሊያውንም ዋንጫውንም አላየችም፤ ወንበሩን ብቻ ነው ያየችው። ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ለእግሬ ለቅሶ ተደርሷል። ብምል ብገዘት የሚሰማኝ ጠፋ። ቪዲዮ ከፍቼ ከአልጋዬ እስከ በሩ ተመላለስኩላቸው። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን፣ ነፍሷን ይማር፣ "ሱሪውን ይሰብሰብና እንየው፣ የእንጨት ቢሆንስ?" አለች። ሙቀት ቢገድለኝ ቁምጣ ለብሼ የማላውቅ ሰው፣ ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስቤ ቀጭኗን እግሬን ለሰፈር ሁሉ በስልክ አሳየሁ። እልል ተባለ። ያን ቀን የወረደብኝ ላብ በጨዋታም ወርዶብኝ አያውቅም።

በኋላ እናቴን በአበበ ቢቂላ ላሳምናት ሞከርኩ። እኔ የተጫወትኩበት ስቶክ ማንዴቪል እኮ፣ ዶክተር ጉትማን በፈረንጆች 1948 ለጉዳተኞች ውድድር የጀመረበት ቦታ ነው፤ አበበም በፈረንጆች 1969 መኪናው ተገልብጦ ሽባ ሲሆን የታከመው እዚያው ሆስፒታል ነው አልኳት። በማግስቱ ዓመት ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት ውርወራ እንደተወዳደረ፣ በ1971 ኖርዌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር እንዳሸነፈ ነገርኳት። (የቡድን ጓደኞቼ የሚያውቁት በባዶ እግሩ የሮጠበትን ሮምን ብቻ ነበር፤ ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ከፈቱ። ደረቴን እንዴት እንደነፋሁ አትጠይቁኝ።) እናቴ ግን "እሱ ቢቸግረው ነው፤ አንተን እየሄድክ ምን አስቀመጠህ?" ብላ ዘጋችኝ።

በርግጥ ከኔ የሰፈር ዋንጫ በፊት ሊወራላቸው የሚገባ አሉ። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ ፓሪስ ላይም ደገመችው። ያየሽ ጌቴ እዚያው ፓሪስ በዓይነ ስውራን 1500 ወርቅ ወሰደች። ሁለቱም እዚያው አገር ቤት ሠልጥነው ነው፤ ለቪዛ ጠያቂዎቼ ይህን ደግሜ እላለሁ።

ከቡድን ጋር መጥቶ ሆቴል ጥሎ መጥፋትን የምታስብ ካለህ፣ ካንተ በኋላ የሚመጣው ቡድን ቪዛ ሲከለከል የሚቀጣው እንዳንተው የሚያነክስ ልጅ ነው። ጥገኝነት ብትጠይቅም ውሳኔ እስኪመጣ በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድልህም፤ ምግብ በማይሰጥበት ማረፊያ በፈረንጆች 2024 የሚሰጠው በሳምንት 49 ፓውንድ ገደማ ነበር። ደህና የስፖርት ወንበር ደግሞ በሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። "እዚያ ሄደህ ያስተካክሉልሃል" የሚልህንም አትስማ፤ ልምሻ የገደለውን ነርቭ የሚያስነሳ ሐኪም እዚህም የለም።

ቪዛ የለኝም። ቡድናችን ወንበር ሲቀይር የሚተርፍ ጎማ ግን አለ፤ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው አስይዛለሁ። የምትጫወቱ ልጆች፣ የጎማችሁን መጠን ጻፉልኝ፤ 24 ነው 25 ኢንች?