ማን ልበለው?

ሰኞ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ

ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን ነበር። ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀበት ዕለት መሆኑን፣ ዘመኑም በፈረንጆቹ 1882 እንደነበረ ኃላፊያችን ነገሩን። አጨበጨብን። እኔ ግን ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም። የቲቢ መድኃኒቱን እፊቴ ሊውጥ ሁልጊዜ 2 ሰዓት ላይ የሚመጣው ልጅ 4 ሰዓት ሆኖም አልመጣም።

ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው። የኮሪደር ልማቱ ላይ ድንጋይ ያነጥፋል። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ክፍል ያድራል። ሲጀምር 38 ኪሎ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በክብደት ስለሆነ በቀን 2 ፍሬ ይውጥ ነበር። 40 ሲያልፍ ወደ 3 ፍሬ አሳደግንለት። ያን ዕለት ሚዛኑ ላይ ቆሞ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያስነበበኝ።

አሁን ሰባተኛ ሳምንቱ ላይ ነው። ይህን ሳምንት እፈራዋለሁ። ሳሉ ጠፍቷል፣ የሌሊቱ ላብ ቆሟል፣ እህል መብላት ጀምሯል። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚቀረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራቱን መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለቱን መውሰድ እንዳለበት፣ ካቋረጠ ግን በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ እንደሚችል ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ማወቁን ያውቃል። ግን ደኅና የሆነ ሰው በየቀኑ ሥራውን ጥሎ ጤና ጣቢያ መመላለስ ከባድ ነው፤ የቀን ምንዳውም ይቆረጥበታል።

ዘንድሮ ደግሞ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመዋል። አንድ ልብስ ሰፊ ታካሚዬ መድኃኒቱን ከንጋት በፊት በሚበላበት በሱሁር ሰዓት ቤቱ ይውጣል፤ ባለቤቱ እያየች ካርዱ ላይ ምልክት ታደርግለታለች። እማማ የምላቸው ሌላዋ ታካሚዬ ደግሞ በጠዋት እፊቴ ተቀምጠው ይውጡና አፋቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ጾሜን አስፈታሽኝ» ብለው አልቅሰውብኝ ነበር። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ተፈቅዶላቸው ሲመጡ ነው የተረጋጉት። ሽሮውም ምስሩም ባቄላውም እንዳይቀር፣ ባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት እንዳይቆዩ ለመንኳቸው። በየሳምንቱ የነጠላቸውን ጥለት ቀለም እጠይቃቸዋለሁ። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ዓይን ሊነካ፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ሊያስቸግር ስለሚችል ነው። «አረንጓዴ ነው ልጄ፣ አንቺ አይታይሽም እንዴ?» ይሉኛል። ስለ እግራቸው ማቃጠል፣ ስለ ዓይናቸው ቢጫ መሆንም እጠይቃለሁ። ሽንታቸው እንደሚቀላ በመጀመሪያው ቀን ነው የምነግራቸው። ይህን ሳይሰማ የሄደ ሰው ደም መስሎት መድኃኒቱን ሊጥል ይችላል።

ሌላው የዕለት ትግሌ መስኮት ነው። ሳሉን «ብርድ መቶኝ ነው» የሚል ሰው ክፍሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮቱን መዝጋት ነው። ታክሲ ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ማን አያውቅም! ቲቢ በአየር እንጂ በስኒ፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ነገር ግን ቤት ለቤት ስንሄድ የማየው፣ የታማሚው ስኒ ለብቻው ተለይቶ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል መስኮት ዘግቶ ሲያድር ነው። ለየት መደረግ የሌለበት ተለይቷል፣ መከፈት ያለበት ተዘግቷል። መድኃኒቱ በትክክል ከተጀመረና ከሠራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም እንደሚቀንስ እነግራቸዋለሁ። ስኒው ግን እንደተለየ ወር ሁለት ወር ይከርማል። ስሙም ያስፈራል። ነቀርሳ ለካንሰርም የምንጠቀምበት ቃል ስለሆነ «የሳንባ ነቀርሳ» ስል ፊታቸው ላይ የሚወርደውን ጨለማ አይቼ ተውኩት። አሁን «ቲቢ» ነው የምለው፤ «ይድናል» የሚለውን በዚያው ትንፋሽ አስከትላለሁ።

ልጁ 6 ሰዓትም አልመጣም። ካርዱን አወጣሁ። ሲታመም ስልኩን ሸጦ ስለነበር የተመዘገበው የሰፈሩ ባለሱቅ ቁጥር ነው። ስልኩን አንስቼ ብዙ ሰዓት ያዝኩት። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረችኝ። ዕድሜዋ 19። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ክኒኑን ስትውጥ ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ። ገበያ ስትላክ እግረ መንገዷን ነበር የምትመጣው። ሁለት ቀን ቀረችብኝ። ካርዷ ላይ ያለው ቁጥር የአሠሪዋ ነበር። ደወልኩ። ሴትየዋ አነሡና «ማን ልበላት?» አሉኝ። እኔም እንደ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ፈጠን ብዬ፣ «ከጤና ጣቢያ፣ ከቲቢ ክፍል ነው፤ መድኃኒቷን አቋርጣለች» አልኳቸው።

«ቲቢ?» አሉ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤቱን ፈልገን ሄድን። በሩን የከፈተልን ዘበኛ ነበር። ትናንት ማታ ልብሷን በፌስታል ይዛ እንደወጣች ነገረን። የት እንደሄደች አያውቅም። ሁለቱን ቀን የቀረችውም ቤት ውስጥ እንግዳ ስለነበረ አልለቅ ብለዋት ነው። አልጠፋችም ነበር። መድኃኒቷን ልትቀጥል ነበር። ያባረራት የእኔ ስልክ ነው።

የዚያ ቤት ልጆችም መመርመር እንደነበረባቸው አውቃለሁ፤ አንድ ጣሪያ ሥር አብረዋት ይኖሩ ነበር። ግን ይህ ከእሷ ጋር ተማክረን፣ እሷው ፈቅዳ፣ አስፈላጊ ከሆነም እኔው አብሬያት ሄጄ የሚነገር ነገር ነበር። በሰው ስልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይነገርም። ሁለት ወር ጠበቅን፣ አልመጣችም። መዝገቡ ላይ «ሕክምና ያቋረጠች» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልወቀሰኝም። ቀሪውን መድኃኒቷን የያዘው ካርቶን ስሟ ተጽፎበት መደርደሪያው ላይ ከረመ። እስካሁን አውቶቡስ ተራ ባለፍኩ ቁጥር ፌስታል የያዙ ልጆችን ፊት አያለሁ።

ዛሬ ደወልኩ። ባለሱቁ አነሣ። ልጁን እንዲጠራልኝ ጠየቅሁት።

«የለም፤ ማን ልበለው?» አለኝ።

«እህቱ ነኝ በለው» አልኩት። «ዛሬ እንድንገናኝ እንደምጠብቀው ንገርልኝ።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ቀን ረጅም ነበር። እማማን መዘንኩ፣ ግማሽ ኪሎ ቀንሰዋል። ለአንድ አዲስ ታማሚ አክታ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየሁት፦ ምራቅ ሳይሆን በጥልቅ ተንፍሶ ከውስጥ የሚወጣውን፣ ግቢው ጥግ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳያየው። አፍሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳለ እኔም ዞሬ ቆምኩ።

11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጋዋኔን ሳወልቅ፣ በሩ ላይ ቆመ። ፀጉሩ አቧራ ለብሷል።

«እኔ እኮ እህት የለኝም» አለ። «ባለሱቁ ሲነግረኝ እርስዎ መሆንዎን ወዲያው አወቅሁ።»

ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ጠዋትም ሰው ስለጎደለ እንዲቀጥል ተደርጎ ነው። ለአለቃው «ጤና ጣቢያ ልሂድ» ለማለት ፈርቷል፤ ለምን ብሎ ይጠይቀዋላ። ውኃ ቀዳሁለት። ሦስቱን ፍሬ አንድ በአንድ ዋጠ። ካርዱ ላይ የዛሬዋን ሳጥን ሞላሁ።

ከዚያ የፈራሁትን ነገረኝ። ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር ሊዞር ነው፤ ከኀሙስ ጀምሮ ማደሪያውም እዚያው ነው። እዚህ ድረስ መመላለስ አይችልም። ቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ስም አብረን አፈላለግንና የዝውውር ወረቀቱን መጻፍ ጀመርኩ። ክብደት፣ የጀመረበት ቀን፣ የአክታ ምርመራ ውጤት፣ የሚወስደው የፍሬ ብዛት። ስልክ የሚለው ጋ ስደርስ ቀና አልኩ። አብሮት የሚያድር ጓደኛውን ቁጥር ሰጠኝ።

«ጓደኛህ ያውቃል?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አያውቅም።

«ታዲያ የሚደውሉት ማን ነን ይበሉ?»

ትንሽ አሰበና «እህቱ ነኝ ይበሉ» አለ።

ከቁጥሩ ጎን፣ ልጁን የሚቀበለኝ ነርስ እንዲያየው አድርጌ፣ እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት።